በበረዶ የሸፈንኩት ክረምት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ቆሜ፣ ዘበኛው ስሜን ከወረቀት ላይ ፈልጎ እስኪያገኝ ጠበቅሁ። የፋብሪካውን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው። ዘበኛው "ወርቁ፣ ቀለም ቀቢ" ብሎ አነበበና ወደ ጥገና ክፍል በጣቱ ጠቆመኝ። ሰዓሊ ብሎ የቀጠረኝ ሰው የለም። በኋላ "አንተ እኮ ሰዓሊ ነህ" ያሉኝ ሁሉ፣ እንዲህ የሚሉኝ ሊያዙኝ ሲፈልጉ ብቻ ነበር።

የቀለም ክፍሉ ካፖ፣ አለቃችን፣ ጋሽ ደምሴ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቱታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። እጄን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

"ከዚህ በፊት ምን ትሠራ ነበር?"

"ሳሪስ አቦ የሱቅ ሰሌዳ እጽፍ ነበር።"

"ፊደል ትችላለህ ማለት ነው።"

"ሥዕልም እሞክራለሁ።"

"እሱን ለጊዜው እርሳው" አሉና የሽቦ ብሩሽ ሰጡኝ። ያን ቀን የውሃ ታንከር ዝገት ስፍቅ ዋልኩ። ስወጣ ቅንድቤ ሳይቀር ቀይ ሆኖ ነበር።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። ብረት ከሆነ ዝገቱ ይፋቃል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲሩጅን ይቀባል፤ ያ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግድግዳ ከሆነ ስንጥቁ በስቱኮ ይሞላል። ጋሽ ደምሴ አንዱን የዘለለ ሰው አይምሩም። አንድ ጊዜ አቧራውን ሳልጠርግ የቀባሁትን በር ጠቅላላ አስፍቀው እንደገና አስቀብተውኛል። አልተሳደቡም። አጠገቤ ቆመው እስክጨርስ አዩኝ፤ ያ ከስድብ ይብሳል።

ስድስት ወር ሲሞላኝ ፊደል ሰጡኝ። የማሽኖቹን ቁጥር፣ "ማጨስ ክልክል ነው"ን፣ "እጅህን ጠብቅ"ን የምጽፈው እኔ ሆንኩ። በሁለተኛው ዓመት ሁለተኛ ቀለም ቀቢ ተባልኩ። ከእኔ በላይ አንደኛው ቀለም ቀቢ፣ ከእሱ በላይ ጋሽ ደምሴ፣ ከእሳቸው በላይ የጥገናው ኃላፊ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰሜን አውሮፓ የመጣው ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሁላችንም ሙሴ ኤሪክ እንለው ነበር። ያኔ አንቱ ብዬዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ግን አንቱታውን አንስቻለሁ፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፣ እሱ ይቅር እንዲለኝ አልፈልግም።

አሁን ስለ በሩ ልናገር። የፋብሪካው ጡሩንባ ጠዋት ሁለት ጊዜ ይጮሃል። ሁለተኛው ሲጮህ በሩ ይዘጋል። ከውጭ የቀረ ያን ቀን አይሠራም፤ ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰናበታል። ከፈተል ክፍል ሴቶች ብዙዎቹ የሚኖሩት ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ነው። በበጋ ድንጋይ ድንጋዩን ረግጠው ይሻገራሉ። በክረምት ወንዙ ይሞላል። መኪና የሚያልፍበት ድልድይ አለ፣ ግን ሩቅ ነው፤ በዚያ ዞሮ የሚመጣውን ሰው ጡሩንባው ይቀድመዋል። ስለዚህ ሴቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ውሃው ውስጥ ይገቡ ነበር። ይህን ሥራ አስኪያጁ ያውቃል። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ወደ ወንዙ ነው የሚያየው።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ባባራበት አንድ ጠዋት፣ መሰላል ላይ ወጥቼ የበሩን ቅስት ጽሑፍ እያደስኩ ነበር። ከዚያ ከፍታ ወንዙ በደንብ ይታያል። የመጀመሪያው ጡሩንባ ጮኸ። ዘጠኝ ሴቶች ተያይዘው ገቡ። ውሃው ከጉልበት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ደረት ወጣ። መካከል ላይ የነበረችው አስካለ የምትባል ልጅ ነበረች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርፍዳ ሁለት ጊዜ ተጽፎባት ነበር። የሆነ ነገር፣ ግንድ ይሁን ምን እንጃ፣ መጥቶ መታቸውና ሰልፉ ተበጠሰ። ስምንቱ ወጡ።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ወደ ወንዙ ሮጥኩ፤ ሌሎችም ሮጡ። ውሃው ግን ሰው የሚያይ ውሃ አልነበረም። ሁለተኛው ጡሩንባ የጮኸው እኛ ዳር ለዳር እየሮጥን ስሟን ስንጠራ ነው። በሩ ተዘጋ። ከውሃ የወጡት ሴቶች እየተንቀጠቀጡ፣ እያለቀሱ በሩ ላይ ሲደርሱ ዘበኛው "አርፍዳችኋል" አላቸው። የታዘዘውን ነው ያለው። እኔ ግን ያን ቃል እስከዛሬ ስሰማው ደሜ ይፈላል።

አስካለን ከሰዓት በኋላ በጣም ወደ ታች ወርደው አገኟት።

ሽማግሌዎች ተመርጠው ድልድይ እንዲሠራ ጠየቁ። ለእግረኛ የሚሆን ቢሆን ይበቃል አሉ። መልሱ በአስተርጓሚው በአቶ ታደሰ በኩል መጣ፦ "ወንዙ የፋብሪካው አይደለም።" ይህንኑ ወንዝ ግን ፋብሪካው በቧንቧ እየሳበ ጨርቅ ያቀልምበት ነበር፤ ሲጨርስ ደግሞ ሰማያዊና ቀይ አድርጎ መልሶ ይደፋው ነበር። ውሃውን ሲፈልጉት የእነሱ ነው፤ ሰው ሲወስድ የማንም አይደለም።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላው ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ።

ለውጭ አገር ሠራተኞችና ለእንግዶች የሚሆን ክበብ ተሠርቶ ነበር። የመመገቢያ አዳራሹ ዋና ግድግዳ ባዶ ነው። ሙሴ ኤሪክ ከግድግዳው ፊት ቆሞ ብዙ ተናገረ። እጁን ከዳር እስከ ዳር አንሸራሸረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አቶ ታደሰ ያን ሁሉ በአጭሩ ቆረጠው።

"ክረምት ሳልልኝ ይላሉ።"

"የምን ክረምት?"

"ክረምት ነዋ! ክረምት አታውቅም? ሰማዩ ዝቅ ያለ፣ ብርሃኑ የደከመ ይሁን። ሰው ሲያየው ዝም የሚያሰኝ፣ የሚያስተክዝ። በረዶም ይጣልበት። ዛፉ ቅጠሉን የጣለ ይሁን ይላሉ።"

"በክረምት ዛፍ ቅጠሉን ይጥላል እንዴ?"

አቶ ታደሰ ትንሽ አሰበ። "ጎርፍ የገፈፈው ይሆናላ። አትጨቅጭቀኝ።"

ሙሴ ኤሪክ በማግስቱ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሄደ። እስከ መስከረም አይመለስም። እኔም ቁልፉን ተቀብዬ አዳራሹ ውስጥ ገባሁ።

እንደ ሰሌዳ ሥራ አልነበረም። ግድግዳውን በስቱኮ አስተካክዬ፣ በጄሶ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። በከሰል አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጌ ከፋፈልኩት። ቀለሙን በተልባ ዘይት ነበር የማቀጥነው። ክረምት ሳል ስባል ያየሁት ክረምት አንድ ብቻ ነበር፤ ከመሰላሉ ላይ ያየሁት። ሌላ ክረምት ልፈጥር ብሞክርም እጄ እንቢ አለኝ።

ከሰማዩ ጀመርኩ። የአቃቂ ሰማይ በሐምሌ ጥቁር አይደለም፤ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ግራጫ ሆኖ ከታች ወደ ቢጫ የሚሄድ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ ገመድ ላይ ሲሰጣ መካከሉ እንደሚረግበው ያለ ነው። ያን ግራጫ ለማግኘት አራት ቀን ፈጀብኝ። ነጭና ጥቁር ብቻ ስደባልቅ ሲሚንቶ ይመስላል። ትንሽ የሸክላ ቀለም ጠብ ሳደርግበት ሰማዩ ከበደ። ከሰማዩ ሥር ወንዙን አደረግኩ፤ ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ መካከሉ ከዳርና ዳሩ ከፍ ብሎ። ከዚህ በኩል የፋብሪካውን ጭስ ማውጫና የተዘጋውን በር። ዳር ላይ ጎርፍ ሥሩን ያወጣው ባሕር ዛፍ። ጭቃው ላይ በረዶ፣ እኛ የምናውቀውን፣ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ጥግ ጥጉን ነጣ ነጣ ብሎ የተከማቸውን። ማዶ ደግሞ ተያይዘው የቆሙ ዘጠኝ ሴቶች። ገና አልገቡም። ውሃውን ያያሉ።

ለክበቡ ጽዳት የተመደበችው ሙሉነሽ ነበረች። የአስካለ ታላቅ እህት ናት። አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ባልዲዋን ይዛ ገብታ ከኋላዬ ቆመች። 

"ከመካከል ያለችው አስካለ ናት?" አለችኝ።

"ማንም አይደለችም፣ እትዬ" አልኳት። ፈርቼ ነው።

"አስካለ ናት" አለች። "ግን ነጠላዋን እንዲህ አታደርገውም። በግራ ትከሻዋ ነው የምትጥለው፤ ቀኝ እጇ ክር ሲይዝ እንዳያስቸግራት።"

ነጠላውን ወደ ግራ አዞርኩት። ሙሉነሽ ወለሉን ጠርጋ ጨርሳ ወጣች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ትመጣለች። አታለቅስም። ሥዕሉን አታወድስም። "የእናኑ ቁመት ያጥራል" ትለኛለች፤ "ጫልቱ ባዶ እግሯን ነበረች" ትለኛለች። ዘጠኙንም በስም አወቅኋቸው። የፈተል ክፍል ሰዎች በምሳ ሰዓት በመስኮት እየመጡ ያዩ ጀመር። አንድም ሰው ሲስቅ ወይም ሲያወራ አልሰማሁም። ጋሽ ደምሴም አንድ ቀን መጡ። ቆባቸውን አውልቀው አዩና "ግራጫው ጥሩ ነው" አሉኝ። ከእሳቸው አፍ በሁለት ዓመት የሰማሁት የመጀመሪያው ምስጋና ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይህን አይተውልህም" አሉኝ።

ሙሴ ኤሪክ መስከረም ላይ ተመለሰ። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ አዳራሹ መጣ፤ አቶ ታደሰ ከኋላው ነበር። ከሥዕሉ ፊት ቆመ። መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ቀጥሎ በሩን አየ። ቀጥሎ ወንዙን። ፊቱ ሲቀላ አየሁት። እንደገባው ያወቅኩት ያኔ ነው፤ አልገባኝም ቢል ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

"ይህ ምንድን ነው ይላሉ" አለኝ አቶ ታደሰ። ላብ አጥምቆታል።

"ክረምት ነው። ክረምት ሳል ብለውኛል።"

ሙሴ ኤሪክ ከቦርሳው አንድ የፖስታ ካርድ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። የአገሩ ክረምት ነበር። ምድሩ ነጭ፣ ዛፎቹ ጥቁርና እርቃናቸውን የቆሙ፣ ውሃው የረጋ፤ በስተጀርባ አንዲት ጎጆ፣ ከጎጆዋ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቀጭን ጭስ። ሰው የለበትም። አንድ ቁራ ብቻ አጥር ላይ ተቀምጧል።

እውነቱን ልናገር፤ ካርዱን ልጠላው አልቻልኩም። የሳለው ሰው ሥራውን ያውቃል። ሰማዩ ያው እኔ አራት ቀን የደከምኩበት ግራጫ ነበር፤ ከታች ወደ ቢጫ የሚሄደው። ጣቶቹ ደንዝዘው የሳለው ይመስላል። ድምፅ ሁሉ የሞተበት ቦታ ነው፤ ስታየው የራስህን ትንፋሽ ትሰማለህ። ይህን የመሰለ ሥራ አምጥተው መሸፈኛ ሊያደርጉት መሆኑ ነው ያበሳጨኝ።

"ይህን ሣለው ይላሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሚኒስቴር ትልቅ ሰው መጥተው ክበቡን ይመርቃሉ።"

"ሴቶቹስ?"

አቶ ታደሰ ጠየቀው። መልሱ አጭር ነበር። "ሰው አያስፈልግም ይላሉ።"

ቀለም ክፍል ሄጄ ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። አልሠራም አልኩ። ጋሽ ደምሴ ብሩሻቸውን በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅያ እያጠቡ ሰሙኝ።

"ግድግዳው የእነሱ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "እንቢ ብትል ሌላ ሰው ይሠራዋል።"

"ሌላ ሰው ይሥራው።"

"አንተስ? እናትህስ?"

እናቴ በእኔ ደሞዝ ነበር የምትኖረው። ይህን ሰበብ ያኔ ትልቅ አድርጌ ያዝኩት። አሁን ሳስበው ሰበቡ እውነት ነበር፤ ግን እኔ ከእናቴ ይልቅ ለቱታዬ ነበር የፈራሁት። ሁለተኛ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። አንደኛ መሆን እፈልግ ነበር።

በማግስቱ ነጩን ቀለም ከፈትኩ።

መሥራት ግን አልቻልኩም፤ በረዶው የተበጠበጠ ኖራ ይመስላል። ሙሴ ኤሪክ በየቀኑ ይመጣ ነበር፤ አንድ ቀን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና በአቶ ታደሰ በኩል ቀስ ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። በረዶ ነጭ አይደለም አለ። ጥላው ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ሮዝ ይሆናል። በበረዶ ላይ ድምፅ አይሄድም አለ። በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት የረጋውን ሐይቅ አቋርጠው ነበር። በዳር በኩል መዞር ሩቅ ስለሆነ። አንድ ጠዋት ታናሽ ወንድሙ ከፊቱ እየሮጠ ሳለ በረዶው ተሰነጠቀና ውሃው ወሰደው። ይህን ሲናገር ድምፁ ተለወጠ። አቶ ታደሰም ሲተረጉም ድምፁ ተለወጠ።

 ሰውየው ከዚያ በፊት ሰው ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም ነበር። እና በጣም፣ በጣም ተናደድኩ።

"አቶ ታደሰ" አልኩ፣ "እንዲህ በላቸው። መዞሪያው ሩቅ ስለሆነ በውሃ ላይ ማለፍ ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል በላቸው። ታዲያ አስካለን ለምን ድልድይ ነፈጓት በላቸው።"

አቶ ታደሰ መሬት መሬት አየ።

"በላቸው እንጂ!"

"አልልም" አለኝ በሹክሹክታ። "አራት ልጆች አሉኝ።"

ሙሴ ኤሪክ ምን አለ ብሎ ጠየቀው። አቶ ታደሰ አንድ ነገር ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ከወጡ በኋላ አቶ ታደሰ ተመልሶ መጣ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት ይላል አልኳቸው" አለኝና ፊቱን ሳያሳየኝ ሄደ።

ሸፈንኳቸው። በየተራ። ከዳር ጀመርኩ፤ ጫልቱን፣ እናኑን። በበረዶው ጥላ ላይ ሰማያዊ ጨመርኩ፣ እንደተነገረኝ። የፋብሪካውን በር ጥቁር ጫካ አደረግኩት፣ ጭስ ማውጫውን ጎጆ። አስካለ መጨረሻ ቀረች። ሙሉነሽ ባልዲዋን ይዛ ገባች፤ አየችኝ። ውሃውን መሬት ላይ ደፋችና ባልዲውን ትታ ወጣች። ያን ቀን ወለሉን የጠረግኩት እኔ ነኝ።

የምረቃው ቀን መጣ። የሚኒስቴሩ ሰው ጥቁር ልብስ የለበሱ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። አዳራሹ በእንግዳ ሞልቷል። ከሥዕሉ ፊት ቆመው ብዙ አዩት።

"ይህን የሠራው ከአገራቸው የመጣ ሰዓሊ ነው?"

"የእኛው ሠራተኛ ነው፣ ክቡርነትዎ" አለ አቶ ታደሰ። ወደ ፊት ገፋኝ።

"እንዴ!" አሉ ሰውየው። ትክክለኛ አድናቆት ነበር። "በረዶ የት አይተህ ነው እንዲህ አድርገህ የሣልከው?"

አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ነበር። በራሴ ቋንቋ፣ በራሴ አፍ፣ ጉዳዩን ሊያዩልን ለሚችሉ ሰው። ያን ቅጽበት ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ሦስት ቃል ይበቃ ነበር።

"ከፖስታ ካርድ ነው፣ ክቡርነትዎ" አልኩና እጅ ነሣሁ።

ከኋላ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ሙሉነሽ ነበረች፤ ለመስተንግዶ ነጭ ሽርጥ አልብሰዋት ነበር። አልጮኸችም።

"ጌታዬ" አለች፣ "ከዚያ ነጭ ሥር እህቴ አለች።"

ሰውየው ግራ ገብቷቸው ዞሩ። ሙሉነሽ ነገረቻቸው። ስለ ጡሩንባው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ስምንቱ ሴቶችና "አርፍዳችኋል" ስላላቸው በር። ማንም አላቋረጣትም። ስትጨርስ የሚኒስቴሩ ሰው ወደ እኔ ዞሩ።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አልኩ። 

"ጉዳዩ ይታያል" አሉ። ሙሴ ኤሪክ እንግዶቹን ለመጋበዝ እጁን ወደ ምግቡ ዘረጋ። እንግዶቹ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ሙሉነሽ በሩ ላይ ስትደርስ ዘበኛው ስሟን ከወረቀቱ ላይ አጣው። ለእኔ ደግሞ ከጥገናው ኃላፊ ደብዳቤ መጣልኝ፤ አንደኛ ቀለም ቀቢ ሆኛለሁ።

ቤቷ ሄድኩ። በር ላይ ነው ያነጋገረችኝ፤ ግባ አላለችኝም።

"እትዬ ሙሉነሽ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

"ሰውየው ሲጠይቁህ አፍህ የት ነበር?"

ጣቴ ላይ የደረቀውን ነጭ ቀለም ፋቅሁ።

"ሸፈንካት ብዬ አይደለም የምቆጣህ" አለች። "ቀለም ነው። ታዘሃል። ግን ጠየቁህ እኮ! እኔን የጠየቀኝ የለም። አንተን ጠየቁህ።" በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወደ ሳሪስ ሄድኩ። ሸምሱ የሚባል ስልጤ ባለሱቅ ወዳጅ ነበረኝ፤ የመጀመሪያ ሰሌዳዬን የጻፍኩት ለእሱ ነው። አሮጌ ላሜራ ካለህ ስጠኝ አልኩት። ለምን አላለኝም፤ ከሱቁ ኋላ ካለው ክምር ረጅሙን አውጥቶ ሰጠኝ። ሁለት ቀን ሠራሁት። ፋቅሁት፣ ጠረግሁት፣ አንቲሩጅን ቀባሁት፣ አለሰለስኩት። ጥቁር መደብ ላይ በነጭ፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል ጻፍኩ፦

"አስካለ እዚህ ቦታ ወደ ሥራ ስትሻገር ሞተች። የፋብሪካው በር ተዘጋ። ድልድይ የለም።"

እሑድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከስምንቱ ሴቶች አምስቱ አብረውኝ ሆነው ወንዙ ዳር ተከልነው። ቦታው ከባቡሩ መስመር ይታያል። ባቡሩ ወደ አቃቂ ጣቢያ ሲጠጋ ቀስ ይላል፤ ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያነብ ነበር። ሰኞ ሥራ ቦታ ስደርስ አቶ ታደሰ ይጠብቀኝ ነበር።

"አንሣው ይላሉ።"

"አላነሣውም በላቸው። ይህን እንኳ በትክክል ተርጉምልኝ።"

በዚህ ጊዜ ተረጎመው። በዚያው ቀን ተሰናበትኩ። ቱታዬን ሳስረክብ ጋሽ ደምሴ እስከ በሩ ድረስ ሸኙኝ፣ ይህን ደግሞ ሁሉም ሠራተኛ አየ።

ሰሌዳው ዘጠኝ ቀን ቆመ። በአሥረኛው ነቅለው ወሰዱት። ግን ነገሩ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። የባቡር ሠራተኞች ያወሩት ጀመር፤ ከከተማ ሰው መጥቶ ይጠይቅ ጀመር። የፈተል ክፍል ሰዎች ድልድይ ካልተሠራ በሚመጣው ክረምት አንድም ሰው አይገባም ብለው አስታወቁ። የሚቀጥለው ዝናብ ሳይገባ በወንዙ ላይ የብረት መረማመጃ ተሠራ።

መግቢያው ላይም ሰሌዳ ተለጠፈ፤ "ከፋብሪካው አስተዳደር ለሠራተኞቹ የተበረከተ ስጦታ" የሚል። ጋሽ ደምሴ እንዲጽፉት ታዘው እጄን አሞኛል ብለው እንቢ አሉ። ሌላ ሰው ጻፈው። ፊደሉም አስቀያሚ ነበር፤ ይህን ስል ደስ እያለኝ ነው።

ሙሉነሽን መልሰው አልቀጠሯትም። ሳሪስ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ ስትሸጥ ኖረች። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ከሰላምታ ግን አላለፈችም። ልክ ነበረች። እኔ ቀሪ ዘመኔን በግሌ ሰሌዳ ስጽፍ፣ የጭነት መኪና በር ላይ ስም ስጽፍ ጨረስኩ። የክበቡ ግድግዳ ምን እንደሆነ ሄጄ አላየሁም። በረዶውን ጥሩ አድርጌ ሠርቼው ነበር፤ እስካሁን የሚያናድደኝ አንዱ ነገር ይህ ነው።

በዚህ ሥራ ላላችሁ ወጣቶች የምለው አጭር ነው። ሰው የሚሸፍን ሥራ ሲሰጣችሁ እንቢ የሚባለው የቀለሙ ቆርቆሮ ሳይከፈት ነው። እጅ ከሠራ በኋላ ታዝዤ ነው ማለት ለማንም አይጠቅምም። እኔ ብያለሁ፤ አልጠቀመም።